የጣራው እሬትና የወንዛዬው

ሐምሌ 3 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ ወረታ

ይህን ደብተር ባሌ አያልነህ ከሚጽፍበት የወረዳ ጽሕፈት ቤት አመጣልኝ። ጣሪያው አፍስሶበት ዳር ዳሩ ስለ ተጨማደደ ለመዝገብ አይሆንም ተብሎ የተጣለ ነው። ለእኔ ይሆናል።

እኅቴ ጽጌሬዳ ትናንት ገባች። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ስለ ዋጠው ባሏ አለኸኝ እሷንና ትንሿን ልጅ በታንኳ እስከ መንገዱ አድርሷቸው ተመለሰ። እሱ ከሦስቱ ትልልቅ ልጆችና ከከብቶቹ ጋራ ጉብታው ላይ እናቱ ዘንድ ይከርማል። ውኃው እስኪጎድል፣ እስከ መስቀል ማለት ነው፣ ጽጌ እኔ ቤት ናት።

ትንሿ እናኑ ናት። ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆኗታል። ልቀበላት እጄን ስዘረጋ ነቃችና ፊቷን ወደ እናቷ ትከሻ አዞረች። እንቅልፍ ይሆናል።

የምጽፈው የምነግረው ሰው ስለሌለኝ ነው። ጽጌ እንዳታነብብኝ አልሠጋም፤ ፊደል አትቆጥርም። አባታችን መሪጌታ ካሴ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ሁለታችንንም ከተማሪዎቻቸው ጋራ አስቀምጠውን ነበር። እኔ ዳዊት ደገምሁ። እሷ ከ«ሀ» ገበታ ሳታልፍ ጥጃ ልጠብቅ ብላ ሮጠች። እንግዲህ እኔ ፊደል አለኝ፣ እሷ አራት ልጆች አሏት።

ሐምሌ 6

ቃሉን እዚህ ልጻፈው፤ ኋላ እንዳይካድ።

ከሦስት ዓመት በፊት በግንቦት ሁለታችን ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርደን ነበር። እኔ ለልጅ፣ ጽጌ ለጉልበቷ ሕመም። ሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ጎን ለጎን ታጠብን፤ እኔ እየጸለይሁ፣ እሷ እየሳቀች። ክረምቱ ሳይወጣ ጽጌ አረገዘች። ጉልበቷን ግን እስከ ዛሬ ያማታል።

እናኑ ክርስትና በተነሣች ዕለት፣ ድግስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ ልጅቱን አምጥታ ጭኔ ላይ አኖረቻትና «ውኃው ተሳስቶ ነው እታለም። ያንቺን ለእኔ ሰጠብሽ። ጡት ስትጥል ውሰጃት፣ ያንቺ ናት» አለች። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፣ ቆጠርሁት።

ዘንድሮ ተስማምተናል። በክረምቱ እኔ ቤት ጡት ታስጥላታለች፣ ለመስቀል ውኃው ሲጎድል ልጅቱን ትታልኝ ትወርዳለች። ካልጣለች ግን ይዛት ትመለሳለች፤ የሚጠባ ልጅ ከናቱ አይለይም። ለእናኑ መኝታ ቁርበት አልፍቼ ካስቀመጥሁ ዓመቴ ነው። ይህንን ለማንም አልተናገርሁም።

ሐምሌ 9

ጽጌ ዛሬ ዝናቡ ሲያባራ አጥሩ ሥር ያሉትን እሬቶቼን ስታይ ቆየች።

ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ሳገባ አባታችን ከጣራ ገዳም ቋጥኝ ነቅለው የሰጡኝ ነው። አሥራ አንድ ዓመቱ። በየዓመቱ ቀይ አበባ ያወጣል፣ ግን ብቻውን ነው፤ ከሥሩ አንድም ቅጥያ በቅሎለት አያውቅም። ሌላውን ያን ጊዜ ጽጌ ራሷ ከወንዛዬ ቆፍራ አምጥታ አካፍላኝ ነበር። አንዲት ሥር ነበረች። አሁን አጥሩን ሞልታዋለች። ቡችላዎቿን ብቆጥር አሥራ ሰባት ሆኑ።

«ይቺ ያባታችን እስከ ዛሬ አልወለደችም?» አለች ጽጌ።

«አበባዋን ብታዪው» አልሁ።

«አበባማ ምን ያደርጋል እቴ» ብላ ሳቀች።

ስለ እሬቱ ነው የተናገረችው። አውቃለሁ፣ ስለ እሬቱ ነው።

ሐምሌ 14

አባታችን ስለ ዕፅ ሲጽፉ እንደሚያደርጉት ሁለቱን ጎን ለጎን ላስቀምጥ። ለጡት ማስጣያ የትኛው እንደሚሻል በእጄ ቆርጬ፣ በምላሴ ቀምሼ ያየሁት ነው።

የጣራው ቅጠሉ ሰፊ፣ ወደ አመድ የሚያደላ አረንጓዴ ነው። ነጠብጣብ የለውም። ሲቆርጡት ቢጫ ውኃ ወዲያው ይወርዳል። በምላሴ ጫፍ ብነካው እስከ ምሳ ሰዓት አልለቀቀኝም። አባታችን ሆዱ ለደረቀበት ትልቅ ሰው በጣም ጥቂት ይሰጡ ነበር፤ ለሕፃን ግን «በአጠገቡም አታሳልፏት፣ አንጀት ታጥባለች» ይሉ ነበር። ጨርቅ ላይ ጠብ ካለ ሲደርቅ ቡናማ ይሆናል፣ በእንዶድም በሳሙናም አይለቅም። በዚሁ የተነሣ እናታችን የአባታችንን ኩታ ስታጥብ ያልተናገረችው የለም።

የወንዛዬው ቅጠሉ ጠበብ ያለ፣ ነጭ ነጠብጣብ የተረጨበት ነው። አበባው እንደ ብርቱካን ፈዘዝ ይላል። ውኃው ቀጭን ነው፣ ቀለም የለውም ማለት ይቻላል፣ ልብስ አያበላሽም። መራራ ነው፤ ግን አንድ ጉንጭ ውኃ ሲጠጡበት ይሄዳል።

የአንድ ዘር ልጆች ናቸው። ሩቅ ሆኖ የሚያያቸው አይለያቸውም።

ጽጌ መጥታ «ስለኔ ምን ትጽፊያለሽ?» አለችኝ።

«ስለ እሬት ነው።»

«ስለኔ ከሆነ መልኬን አሳምሪው» አለችና ጉንጬን ሳመችኝ።

ሐምሌ 17

ዛሬ ተጀመረ። የወንዛዬው ይሁን አለች ጽጌ። «የጣራውን አባታችን ምን ይሉ እንደነበር ታውቂያለሽ» አለች። እኔም የወንዛዬውን በሲኒ አንጠባጥቤ ሰጠኋት፣ ጡቷን ቀባች።

እናኑ ቀመሰች። ፊቷን አኮማተረች። እናቷን አየቻት፣ እኔን አየችኝ። ከዚያ በመዳፏ ጠረገችውና ጠባች! አያልነህ ሳቀ። ጽጌም ሳቀች፣ ሳቋ ግን የደስታ መሰለኝ።

ሐምሌ 20

አራተኛ ቀን። ቀባን፣ ጠረገች፣ ጠባች። ዝናብ። ቤቱ ሁሉ የእርጥብ ልብስ ሽታ።

ሐምሌ 23

አያልነህ ከሥራ ሲገባ እናኑ ሮጣ ሄደች፣ አንሥቶ ትከሻው ላይ ሰቀላት። ጣሪያውን እየነካች ትፍለቀለቃለች። አሥራ አንድ ዓመት ስንኖር እንዲህ ሲዘል አይቼው አላውቅም።

እራት ላይ «እናቴ ከደብረ ታቦር ሰው ልካብኛለች» አለኝ።

«ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ናቸው።»

አማቴ ለደኅንነታቸው ሰው አይልኩም፤ መካኗን ፈትተህ ሌላ አግባ ለማለት ነው።

ልጅቱ ከገባች ያልቃል። እናኑ ይህ ቤት ከገባች ማንም ምንም አይልክም።

ሐምሌ 25

እናኑ እኔን «ናዬ» ትለኛለች። ማናዬ ማለቷ ነው። ቆንጆ ነው። ጽጌን ደግሞ «እማ»። በቀን ስንት ጊዜ እማ እንደምትል መቁጠር ጀምሬ ተውሁት። ዶሮዋንም፣ ዝናቡንም፣ ረኃቡንም ለእማ ነው የምትነግረው።

ጽጌ ፀጉሯን ስትሠራት ልጅቱ ዝም ትላለች። እኔ ስነካት ጭንቅላቷን ታነሣለች። እጄ ከብዶ ይሆን?

ሐምሌ 29

አየኋት። በር ዳር ቆሜ በዓይኔ በብረቱ አየኋት። እሬቱን ከቀባኋት በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ በነጠላዋ ጫፍ ጡቷን ጠረገች። በውኃ አርሳ ደግማ ጠረገች። ከዚያ እናኑን ጠራቻት።

እንግዲህ ሁለት ሳምንት ሙሉ እሬት ስቆርጥ የከረምሁት ለነጠላዋ ኖሯል።

ምን እላለሁ? ልጇ ናት ይሉኛል። ሦስት አሏት፤ ሲነጋ ስማቸውን አደባልቃ ነው የምትጠራቸው። አራተኛዋን ደግሞ በምላሷ ሰጠችኝ፣ በነጠላዋ ትነሣኛለች።

ነሐሴ 2

ፍልሰታ ገባ። ስለት ተስያለሁ፣ ዘንድሮ ሁለቱን ሳምንት በውኃና በቆሎ ነው የማሳልፈው። ቤተ ክርስቲያን ስቆም ስለ እኅቴ ክፉ እንዳላስብ እለምናለሁ፤ ለምኜ ሳልጨርስ አስባለሁ።

ነሐሴ 5

ጎረቤታችን እማሆይ ንግሥቲ በቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ለአንዲት ሴት ሲናገሩ ሰማሁ። «የሚጠባ ሕፃን ልጅ ከሌላት ሴት ቤት ማክረም ደግ አይደለም። የሰው ዓይን አይታወቅም፣ ባለዓይኗ ራሷም አታውቀው ይሆናል» አሉ። ዞር ሲሉ አዩኝና «ማናዬ ልጄ፣ ጾሙን እንዴት ይዞሻል?» አሉኝ።

«ደኅና ነው እማሆይ። እርስዎስ?» አልሁ።

ነሐሴ 8

ከቅዳሴ መልስ ዝናብ ቀጥቅጦኝ ገባሁ። ጽጌ ምድጃ ዳር እናኑን ታቅፋ ተቀምጣለች። ልጅቱ ጡቱን ይዛ ዓይኗን ጨፍናለች። ጽጌ መግባቴን ሳታይ «አይዞሽ፣ የትም አልሄድብሽም፣ የትም» ትላታለች።

ሲኒውን ይዤ ወደ አጥሩ ወጣሁ። ሞልቼ ተመለስሁ። ቢጫ ነበር። ጓዳው ጨለማ ነው፣ ቀለም አይለይም።

«ዛሬ ራሴ ልቀባሽ፣ እስኪደርቅም አጠገብሽ ልቀመጥ» አልኋት። ትንሽ አየችኝና ደረቷን ሰጠችኝ።

ሌላ የምጽፈው የለም።

ነሐሴ 9

ትናንት እናኑ ቀመሰችና ጮኸች። ርቧት ተመለሰች፣ ደግማ ቀመሰች። ሦስተኛ ጊዜ። ከዚያ እናቷን በእግሯ ገፋቻት። ጽጌ አለቀሰች። ልጅቱን አነሣኋት፣ አልታገለችኝም። ባለፋሁት ቁርበት ላይ፣ እኔ ጎን ተኛች። ትንፋሿ አንገቴ ሥር ነበር። ሌሊቱን እንቅልፍ ያልወሰደኝ ከደስታ ነው። እንዲህ ቀላል ነበር እንዴ?

ነሐሴ 10

ከጎሕ ጀምሮ ሆዷን ያማታል። ስምንት ጊዜ አስቀመጣት። ውኃ ብቻ ነው።

የክረምት ውኃ ነው። ዘንድሮ ስንቱ ልጅ ታሟል።

ነሐሴ 11

አልቆመም። ዓይኗ ጎደጎደ። እንባ የላትም። ጽጌ ጡት ልትሰጣት ትሞክራለች፣ ልጅቱ ጡቱን ስታይ ትጮኻለች። እማሆይ ንግሥቲ መጥተው «ዓይን ነው» አሉ፣ ወደ እኔ ግን አላዩም። ጠበል ረጩባት።

ጥርስ ነው አልሁ። የክረምት ውኃ ነው አልሁ። አንድ ሰው ዝም ቢያሰኘኝ በወደድሁ።

ነሐሴ 12

አያልነህ በካፖርቱ ጠቅልሎ ወደ ጤና ጣቢያው ተሸክሟት ሮጠ። እኔና ጽጌ በጭቃው ተከተልን። ሐኪሙ አቶ አበረ ቆዳዋን ቆንጥጦ አየ፣ ሆዷን ዳሰሰ።

«ወባ አይደለም። ምን ቀምሳለች?» አለ።

ጽጌ ወደ እኔ ዞረች።

«ጡት ለማስጣል እሬት ቀብተን ነበር» አልሁ። «የወንዛዬውን። ለስላሳውን ነው።»

«ያ ብቻውን እንዲህ አያደርግም» አለና ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲህ ጡት አትከልክሏት። ሌላ ሁሉ ይቅር፤ በስኳርና በጨው የተቀላቀለ የፈላ ውኃ በማንኪያ፣ ከዚያ የናቷን ጡት። እንድትጠባ አባብሏት። እሱ ነው የሚያተርፋት።»

የናቷን ጡት አለ። ቆሜ ሰማሁት።

ነሐሴ 13

ቡሄ። ደጅ ጅራፍ ይጮኻል። እናኑ በእያንዳንዱ ጩኸት ትደነግጣለች። ጽጌ ጡቷን በሞቀ ውኃ አጥባ፣ ወተቱን በጣቷ ከንፈሯ ላይ እያንጠባጠበች ስትለምናት ዋለች። ወደ ማታ ያዘችላት። አያልነህ ወደ ግድግዳው ዞሮ አለቀሰ።

እኔ ስለቴን ጨምሬያለሁ። ልጅቱ ትዳን፣ ሌላ አልለምንም አልሁ። ከአፌ ነው የወጣው፤ ከሆዴም እንዲሆን እፈልጋለሁ።

ነሐሴ 19

ድናለች። ቀለሟ ተመለሰ፣ ዶሮዋን ታባርራለች። እንደ አራስ ልጅ በየሰዓቱ ትጠባለች። ከሐምሌ የባሰ ሆነ።

ማታ ምድጃው አጠገብ ጽጌ በቀስታ «ወተቴ ነው መሰል ያሳመማት፣ እታለም» አለችኝ። «የሐዘን ወተት ይበላሻል ይላሉ። ልለያት ነው ብዬ ስንገበገብ ከርሜ የለ። ይሆን?»

እሳቱን እየቆሰቆስሁ «ምናልባት» አልሁ።

ምናልባት። አንድ ቃል ናት። ከዚያ ወዲህ ስበላም ስተኛም አፌ ውስጥ አለች።

ነሐሴ 27

ጽጌ ዛሬ «እሬት አልፈልግም። አንቺም ከእንግዲህ አትቁረጪ» አለችኝ። ረጋ ብላ ነው የተናገረችው። ጡቷን በመቀነት ጥብቅ አድርጋ አሠረችና ጀርባዋን ለልጅቱ ሰጥታ ተኛች።

እናኑ እስኪደክማት አለቀሰች። ጽጌም።

ጳጉሜን 1

አራት ቀን አለፈ። ልጅቱ መለመን ትታለች። ጽሑፌ ውስጥ ሁለቱን እሬት ሳወዳድር የከረምሁት ለከንቱ ነው፤ ሰው ከልቡ ሲቆርጥ መቀነት ይበቃ ኖሯል።

የጽጌ ደረት አብጧል፣ ያተኩሳታል። ወተቱ መቀነቱን አልፎ ቀሚሷን ያርሳል። ጎመን ቅጠል አሙቄ አስቀምጥላታለሁ። ስትቃትት አዝንላታለሁ፤ እውነቴን ነው አዝንላታለሁ። ግን ያም ሕመም ቢሆን ያምረኛል። እኔን እንዲህ አድርጎ አሞኝ አያውቅም።

ጳጉሜን 3

ሩፋኤል። ዝናቡ ጠበል ነው ተብሎ ሰው ሁሉ ደጅ ወጥቶ ታጠበ። እናኑ ራቁቷን ስትጨፍር አያልነህ ሲያሳድዳት፣ ጽጌ አንድ አቡጀዲ ቀሚሷን በእንዶድ እያሸች ነበር። ያንኑ ቀሚስ ባለፈው ሳምንትም፣ ከዚያ በፊትም ስታጥበው አይቻለሁ።

«ምን ነካው?» አልሁ።

ወደ ውስጥ ገለበጠችው። «አሮጌ ነው» አለች።

መስከረም 1 ቀን 1956 ዓ.ም.

ሉቃስ ወጥቶ ዮሐንስ ገባ። እናኑ የአደይ አበባ ይዛ መጣች። ለእናቷ ሰጠች። ከዚያ ተመልሳ ሌላ ቀጥፋ ለእኔ። የእኔዋ ግንዷ የተሰበረ ናት። በደብተሩ ገጽ መካከል አስቀምጫታለሁ።

መስከረም 18

አለኸኝ ትናንት ለመስቀል መጣ። ሜዳው ደርቋል፣ ጓያ ሊዘሩ ነው፣ ትልልቆቹ ልጆች እናታቸውን ይጠይቃሉ አለ። ዛሬ ጠዋት ሄዱ።

እስከ መጨረሻው ይዛት ትሄዳለች ብዬ ነበር። ልጅቱ ከዶሮዋ ጋራ ስትጫወት ጽጌ ጓዳ ጠራችኝ። የተጠቀለለ ጨርቅ እጄ ላይ አኖረች።

«ቀሚሴ ነው። ሲመሽ ታቅፋው ካልተኛች እንቅልፍ የላትም። አትጠቢው፣ ጠረኔ ይጠፋባታል።»

«እሺ ጽጌ።»

«ቃሌን አልበላሁም፣ እታለም። ሰጥቼሻለሁ።» ከዚያ «ካመማት ግን የቀመሰችውን ሁሉ ለሐኪሙ ንገሪ። ሁሉን» አለችኝ።

«እሺ» አልሁ። ዓይኗን ግን ማየት አልሆነልኝም።

ልጅቱን ሳትሰናበት ወጣች። እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ አንድ ጊዜ አልዞረችም። በጉልበቷ ታነክሳለች።

እናኑ የእኔ ናት። ጻፍሁት። እናኑ የእኔ ናት።

መስከረም 20

ቀሚሱን ዘርግቼ አየሁት።

ከደረቱ ላይ፣ በግራ በኩል፣ ቡናማ ነው። መዳፍ የሚያህል። ከመታጠብ ብዛት ጨርቁ ሳስቷል፣ ቀለሙ ግን አልለቀቀም። የወንዛዬው ልብስ አያበላሽም፤ ራሴ በእጄ ጽፌዋለሁ። እሷ መጻፍ አላስፈለጋትም፣ የአባታችንን ኩታ ከእናታችን ጋራ ወንዝ ወርዳ ታጥብ የነበረችው እሷ ናት። እኔ ፊደል ስቆጥር።

ፊደል አታውቅም እል ነበር።

ታውቅ ነበር። ሐኪሙ ፊት ስዋሽ ታውቅ ነበር። «ወተቴ ነው መሰል» ያለችኝ ማታ እየጠየቀችኝ ነበር፣ እንድናገር በር ከፍታልኝ። እኔ ምናልባት አልኋት። እንዲህ አድርጌያትም ቃሏን ጠበቀች። ብቀናባት እቀናባታለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር እኔ ውስጥ የለም።

መስከረም 22

እናኑ ቀን ቀን ደኅና ናት። አያልነህ ሲገባ ትዘላለች። እኔንም ታቅፈኛለች። ሲመሽ ግን ቀሚሱን ትጠይቃለች፣ ፊቷን ቀብራበት «እማ» ትላለች። ለጨርቁ ነው የምትነግረው። የዕለቱን ሁሉ፣ ዶሮዋን፣ ውሻውን፣ አንድ በአንድ።

አጠገቧ ተኝቼ እሰማለሁ። በጨርቅ ቀናሁ። ሰው በጨርቅ ይቀናል?

አያልነህ ለእናቱ መልስ ልኳል። «ልጅ አለችን» ብሏል። ደስ ብሎታል።

መስከረም 25፣ ከሰዓት



ዛሬ ከምሳ በኋላ እናኑ ቀሚሱን ታቅፋ ተኛች። አፏ ቡናማው ላይ ነበር። እየጠባች ነው፣ በእንቅልፏ፣ ጨርቁን። ለብዙ ጊዜ አየኋት። ከዚያ ቢላዋ አንሥቼ ወደ አጥሩ ወጣሁ።

ለምን እንደ ወጣሁ ልጻፈው፤ ካልጻፍሁት ነገ ሌላ ምክንያት እፈጥርለታለሁ። ቀሚሱን እሬት ልቀባው ነበር። እንድትጠላው። ጨርቋንም፣ ጠረኗንም እንድትጠላ፣ ከዚያ እኔ ብቻ እንድቀር።

ሄጄ የቆምሁት የጣራው አጠገብ ነው። የወንዛዬው ደጅ ላይ ሞልቶ ሳለ እግሬ የሄደው ወደ ጣራው ነው። ቅጠሉን ቆረጥሁ። ከፍ አድርጌ ስይዘው ቢጫው ጠብ ጠብ አለ፣ ደረቴ ላይ፣ በነጩ ቀሚሴ ላይ፣ በግራ በኩል። ቆሜ ስመለከት ጠይም ሆነ፣ ከዚያ ቡናማ።

ቅጠሉን ወረወርሁት። ነሐሴ 8 የቆረጥሁት ከዚሁ ነው። ያሳመምኋት እኔ ነኝ። ዓይን አይደለም፣ ወተት አይደለም፣ የክረምት ውኃ አይደለም። አባቴ አታሳልፏት ያሉትን እያወቅሁ፣ በጾም፣ ከቅዳሴ መልስ፣ በእጄ።

ለአያልነህ ነገርሁት፣ አሁን ከቢሮ ሲገባ። ቁጭ አለ። «ሐኪሙ ምን ቀምሳለች ሲል ፊቱ ቆመሽ ሰምተሽዋል» አለኝ። «አዎ» አልሁ። «እናቴስ?» አለ። «የፈለጉትን ይላኩ» አልሁት። ወደ ደጅ ወጣ። እስከ አሁን አልተመለሰም።

እናኑ ነቅታለች። «ናዬ» ብላ ደረቴን በጣቷ ነካች፣ «እማ» አለች፣ ወዲያው የእናቷን ቀሚስ አመጣችና ቡናማውን ከቡናማው ጎን አድርጋ አሳየችኝ። ሁለቱ አንድ ናቸው። እሷም ለየችው።

ነገ ሲነጋ አዝያት ወደ ሜዳው እወርዳለሁ። የጽጌ ቤት ከርብ ወዲህ ነው፣ እኩለ ቀን ሳይሆን እደርሳለሁ። ቃሏን ጠብቃለች፣ እኔም ልመልስላት። ልጅቱን ትተውልኝ እንደ ሆነ፣ ትወስድብኝ እንደ ሆነ፣ እሷ ትበል። ብትተውልኝ ደስ ይለኛል፤ ይህንንም አልዋሽም፣ አሁንም እፈልጋታለሁ፣ እንዲያውም ከበፊቱ ይብሳል።

ሌላ ንጹሕ ቀሚስ አለኝ። አልለብሰውም። ይህንኑ ለብሼ እሄዳለሁ። በር ላይ ስቆም መጀመሪያ ደረቴን ታያለች፣ ከዚያ እኔ አፌን እከፍታለሁ።